ልጁ ለምን ዘገየ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሰብሰብ ብለው ሸኙኝ። ጋቢ አለበሱኝ፤ ስሜ በወርቃማ ቀለም የተጻፈበት የምስክር ወረቀትም ሰጡኝ። እኔው ያስተማርኩት አንድ ወጣት መምህር ማይክራፎኑን ያዘና፣ «ጋሽ ሰይድ ድርሰት ሲያርሙ አያዳሉም፤ ሰው ፈርተውም ማርክ ሰጥተው አያውቁም» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ተራዬ ደርሶ ተነሣሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግሬ ተቀመጥኩ። ደስታው ነው ያሉ ነበሩ። ወጣቱ የተናገረው ነገር ውሸት መሆኑን ከእኔ በቀር በዚያ አዳራሽ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

ደሴ የተመደብኩት ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ፣ ንጉሡ ከወረዱ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ደሴ አጠገብ ያለችው የገራዶ ልጅ ስለሆንኩ ከተማው እንግዳ አልሆነብኝም። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከምግብ አልፎ አንድ ጃኬት ለመግዛት ወራት ያስጠብቅ ነበር፤ ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃኛል። የተመደብኩበት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ ክፍል ኃላፊ አቶ በላይነህ ይባሉ ነበር። ማስተማር የማውቀው ከእሳቸው በቀሰምኩት ነው።

አቶ በላይነህ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ጠመኔያቸውን በጋዜጣ ቁራጭ ጠቅልለው የሚይዙ ሰው ነበሩ። ጠመኔው እጃቸውን እንዳያቆሽሽ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። «እንዳይሰበር ነው፤ ስናደድ አጥብቄ እይዘዋለሁ» አሉኝ። ተናደው ግን አይቼ አላውቅም። ድርሰት የሚያርሙት በእርሳስ ነበር። መጀመሪያ ምንም ሳይጽፉ ሁሉንም ያነባሉ። ከዚያ አስቀምጠውት ያድሩና በማግስቱ እንደገና አንብበው ነው ማርክ የሚሰጡት። «አንደኛው ንባብ የኔን ስሜት ነው የሚነግረኝ፤ የልጁን ሐሳብ የማገኘው በሁለተኛው ነው» ይሉ ነበር።

ተውኔት ሲያስተምሩ ሰሌዳውን በሦስት ዓምድ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው «ያለው»፣ በሁለተኛው «ያደረገው»፣ በሦስተኛው «ያላደረገው» ብለው ይጽፋሉ። ተማሪዎች ሁለቱን ዓምዶች ቶሎ ይሞሏቸዋል። ሦስተኛው ባዶ ይቀራል። እሳቸውም እጃቸውን አጣምረው መስኮት ላይ ተደግፈው ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። «የሰውን ባሕርይ የምታገኙት እዚህ ነው። ሊያደርገው እየቻለ ምን ተወ?» አንድ ተማሪ ተነሥቶ «የተውኔቱ ጭብጥ በቀል ነው» ካለ፣ «በቀል የነገሩ ስም ነው። ስለ በቀል ምን ይላል? ጭብጥ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይፈልጋል» ብለው ያስቀምጡታል።

በየዓመቱ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚያስተምሩት አንድ የቆየ የውጭ አገር መራራ ተውኔት ነበር። ራሳቸው ተርጉመው፣ ራሳቸው ስቴንስል ላይ ተይበው ያባዙታል። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሹም የአንድን ልጅ አባት ያስገድላል። ልጁ አድጎ ይመለስና መናገር የማይችል መስሎ በሹሙ ቤት አሽከር ሆኖ ይቀጠራል። በሦስተኛው ገቢር ሹሙ በንዳድ ታሞ ይተኛል፤ ልጁም ብቻውን ያስታምመዋል። ትራሱን አንሥቶ ሊያፍነው ሲል የሹሙ ትንሽ ሴት ልጅ ውኃ ይዛ ትገባለች። «ለአባዬ ስጥልኝ» ትለዋለች። ልጁ ትራሱን ያስቀምጥና ውኃውን ያጠጣዋል። በአራተኛው ገቢር የገዛ እኅቱ ይህን ሰምታ «ፈሪ» ትለዋለች። በአምስተኛው ገቢር ሹሙን ይገድለዋል፤ እኅቱም እሱም አብረው ይሞታሉ።

የፈተናው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ልጁ ለምን ዘገየ?

አቶ በላይነህ የራሳቸውን መልስ ለተማሪ ተናግረው አያውቁም። እኔ በሁለተኛው ዓመቴ ጠይቄአቸው ነበር። «አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ። ሹሙ ድኖ፣ ማን እንደሚገድለውና ለምን እንደሚገድለው አውቆ እንዲሞት ስለፈለገ ነው አልኳቸው። «ጥሩ ነው። እንግዲያው ውኃውን ያቀበለችበትን እጅ ለምን አየው?» ብለው ሄዱ። ጽሑፉን ገልጬ ባየው እውነትም ልጁ የልጅቷን እጅ ያያል። ሦስት ጊዜ አንብቤው አላስተዋልኩትም ነበር።

ከዚያ ቀይ ሽብር መጣ። ደሴ ምን እንደሆነች ያየ ያውቀዋል። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ አንገታችንን ደፍተን ነበር፤ ቀና ያለ ሰው መንገድ ዳር የተጣለ ሰው ያያል። ቀና ብሎ ማየቱንም ሌላ ሰው ያይበታል።

ፒያሳ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሚሰፋ አንድ ልብስ ሰፊ ነበር። የእኔንም ሱሪ ያሳጥርልኝ ነበር። ከመኪናው ላይ አንሥተው ወሰዱት፤ በሦስተኛው ቀን ሬሳውን ጣሉት። ቤተሰቡ እንዳያነሣው፣ እንዳያለቅስ ተከለከለ። አሳልፎ የሰጠው የቀበሌያቸው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ነው ተባለ። ያ ሰው ከዚያም በኋላ በየቀኑ ጠመንጃውን አንግቶ በደጃቸው ያልፍ ነበር። የልብስ ሰፊው ልጅ ከማል ይባላል። በሚቀጥለው ዓመት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባ።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ ለትምህርት ቤቱ የተመደበው ካድሬ እኔንና አቶ በላይነህን ቢሮው ጠራን። ወጣት፣ ትሑት፣ ንግግሩ የታረመ ሰው ነበር። ተውኔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል።

«አንብቤዋለሁ፤ ጥሩ ሥራ ነው» አለ። «ግን አተረጓጎሙ መስመር ይያዝ። ይህ ልጅ የተጨቆነው መደብ ልጅ ነው። ጨቋኝን መግደል በቀል አይባልም፤ አብዮታዊ እርምጃ ይባላል። በሦስተኛው ገቢር የዘገየው ወላዋይ ስለሆነ ነው። ተማሪዎቹም ይህን እንዲጽፉ ነው የምንፈልገው።»

«ልጅቷንስ ምን እናድርጋት?» አሉ አቶ በላይነህ።

«የትኛዋን ልጅ?»

«ውኃ ይዛ የምትገባውን።»

ካድሬው ፈገግ አለ። «እሷ ጌጥ ናት፣ ጓድ በላይነህ።»

«እኔ በጌጥ አላስተምርም» አሉና ተነሡ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከክፍል ጠርተው ወሰዷቸው። በተውኔቱ ምክንያት ይሁን በሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰሌዳው ላይ ሦስቱ ዓምዶች እንደተሠመሩ ነበር፤ እኔ ነኝ ገብቼ ያጠፋኋቸው። ክፍሉን እንድይዝ በደብዳቤ ታዘዝኩ። ተውኔቱንም ካድሬው እንዳለው አስተማርኩት። ልጁ ወላዋይ ነው አልኩ፤ መዘግየት ፈሪነት ነው አልኩ። ሳስተምር ካድሬው የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዝ ነበር።

ከማል መሐል ረድፍ ላይ ይቀመጣል። ብዙ የማይናገር፣ የአባቱን ኮት ለራሱ አጥብቦ የሚለብስ ልጅ ነበር። አንድ ቀን እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ልጁ ትራሱን ሲያስቀምጥ ፈርቶ ነው ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ማንን ነው የፈራው? ሹሙ ታሟል። ቤቱ ውስጥ ማንም የለም። ልጅቷ ሕፃን ናት። የሚፈራው ሰው የለም እኮ።»

ካድሬው እስክሪብቶውን አቆመ። የሚመለስ ጥያቄ ነበር። መልሱንም አውቀው ነበር።

«የፈራው ራሱን ነው። ተቀመጥ» አልኩት።

ተቀመጠ። ዓይኑን ከእኔ አላነሣም።

ፈተናው የግማሽ ዓመቱ ነው፤ ከሃያ ይታረማል። ወረቀቶቹን ከሰዓት በኋላ በመምህራን ክፍል ብቻዬን ሆኜ አርም ነበር። አብዛኞቹ እኔ የነገርኳቸውን በእኔው ቃል መልሰው ጽፈውልኛል። የከማል ስትደርስ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። አንድ ገጽ ተኩል ናት። ደጋግሜ ስላነበብኳት ዛሬም በቃሌ አውቃታለሁ።

«ሁሉም ልጁ ዘገየ ይላል። እኔ ዘገየ አልልም። የዘገየ ሰው ሊያደርገው ያሰበውን ገና ያላደረገ ነው። ይህ ልጅ ግን በሦስተኛው ገቢር ጨርሷል። የልጅቷን እጅ ሲያይ የራሱን የልጅነት እጅ ነው ያየው። ሹሙን ከገደለው እሷም አድጋ የሰው ቤት አሽከር ሆና እሱን የምትበቀልበትን ቀን እንደምትጠብቅ ገብቶታል። ስለዚህ ላለመግደል ወሰነ። ይህን ለመወሰን ከመግደል የበለጠ ድፍረት ጠይቆታል። በአምስተኛው ገቢር የገደለው ሐሳቡ ተለውጦ አይደለም። በአራተኛው ገቢር የሚወዳት እኅቱ ፈሪ ስላለችው ነው። ልጁን ያጠፋችው ያቺ አንዲት ቃል ናት። ጭብጡ ይህ ይመስለኛል፤ ሰውን ፈሪ የሚሉት ሰዎች ከገዳዩ እኩል ገዳይ ናቸው።»

እንዲህ ያለ ወረቀት ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ አላረምኩም። ሦስተኛው ዓምድ ሞልቶ ነበር። አቶ በላይነህ ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ተደግፈው የሚጠብቁት መልስ ይህ ነበር። ይህን የጻፈው ልጅ ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ስለ ተውኔት ብቻ እየጻፈ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በየቀኑ በደጁ የሚያልፈውን ሰው ላለመግደል ምክንያት እየፈለገ ነበር፤ አግኝቶታልም። አግኝቶም ለአስተማሪው አሳየው።

ስድስት ከሃያ ሰጠሁት። በቀይ እስክሪብቶ ግርጌው ላይ «ፈሪነትን በቃላት ማስዋብ መልስ አይሆንም» ብዬ ጻፍኩ።

ካድሬው ወረቀቶቹን እንደሚያይ ነግሮን ነበር። አቶ በላይነህ እስር ቤት ናቸው። እነዚህን ምክንያቶች ለዓመታት ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። ሌላም ነገር አለ፤ እዚህ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም። ቀናሁበት። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ እኔ ያላየሁትን አየ፤ እኔ ለመናገር የፈራሁትን ጽፎ አስረከበኝ። ወረቀቱን አቶ በላይነህ እንደሚያደርጉት አላሳደርኩትም። በአንድ ንባብ አርሜ ወደ ሌላው አለፍኩ።

ካድሬው ወረቀቶቹን አላያቸውም። በዚያው ሳምንት ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄደ፤ ሲመለስም አልጠየቀን።

ሰኞ ወረቀቶቹን መለስኩ። ከማል የእሱን ተቀብሎ ቆሞ አነበባት። አራት ቦታ አጣጠፋትና ኮቱ ኪስ ከተታት። «መምህር፣ ይህ የእርስዎ ሐሳብ ነው?» አለኝ። «የፈተናው ማርክ ነው፤ ሂድ ተቀመጥ» አልኩት።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ከማል ወደ ቀበሌው ሱቅ ሄደ። ሕዝቡ ለስኳር ተሰልፏል፤ ያ የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ሰልፉን ይቆጣጠራል። ከማል ሰልፉን አልፎ ቀጥ ብሎ ሄደና በአባቱ መቀስ ትከሻው ላይ ወጋው። አንዱ ጥበቃ እዚያው ተኩሶ ገደለው። ኃላፊው ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። ትከሻው ዘንበል ብሎ ቀረ እንጂ ምንም አልሆነም። እኔ ወሬውን የሰማሁት አሥረኛ ክፍል ግስ እያስተማርኩ ነው። ደወሉ እስኪደወል ማስተማሬን ቀጠልኩ። ምን እንዳስተማርኩ ግን አላስታውስም።

በሳምንቱ የከማል እናት ትምህርት ቤት መጣች። እትዬ ሩቅያ ትባላለች። ጥቁር ሻሽ አስራ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆመች። ለእሱም ማልቀስ ተከልክላለች። ከሌሎቹ መምህራን አንዱም ቀና ብሎ አላያትም። እኔ ወጣሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ መምህር።»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ እትዬ ሩቅያ። አላህ ያጽናዎ።»

ከነጠላዋ ጫፍ አራት የታጠፈችውን ወረቀት ፈታች። «ይህ ቤት ቀርቶ አገኘሁት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የከማሌ እጅ ነው አይደል? ምን እንደሚል አንብብልኝ።»

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩላት። ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ እሷም ጎንበስ ብላ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማችኝ። ስጨርስ ጣቷን ወደ ግርጌው ሰደደች።

«ይህ ቀዩስ? ይህ የሱ እጅ አይደለም።»

«የእኔ ነው።»

«ምን ይላል?»

እናትየዋ ፊደል አታውቅም። ኮሪደሩ ላይ ሌላ ሰው የለም። «ጥሩ ነው ብዬ ነው። በጣም ጥሩ ጽፏል ብዬ ነው» አልኳት።

ትንሽ አየችኝ። «አላህ ይስጥህ» አለችና ወረቀቷን አጥፋ፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ሄደች።

ዝውውር ጠየቅኩ፤ በዓመቱ ኮምቦልቻ ተመደብኩ። ቆላ ነው፣ ሰውም አያውቀኝም። ከዚያ በኋላ ያንን ተውኔት አላስተማርኩም። ስቴንስሉ ጠፍቷል እል ነበር። ሰዋስው፣ ደብዳቤ አጻጻፍ፣ ክርክር አስተማርኩ። ተማሪዎቼ ጥብቅ መምህር ይሉኝ ነበር።

አቶ በላይነህ ከዓመታት እስር በኋላ ሲፈቱ ማስተማር ተከልክለው እዚያው ኮምቦልቻ አንድ መጋዘን በር ላይ ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። ገበያ ውስጥ አየኋቸው። ጥርሳቸው ረግፏል፤ ቁመታቸው ግን ያው ነው። መጋዘኑ በር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ተቀምጠን ሁሉንም ነገርኳቸው። የከማልን ድርሰት በቃሌ አልኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«‹የዘገየ ሰው ሊያደርገው ያሰበውን ገና ያላደረገ ነው› ነው ያለው?»

«አዎ።»

«ስንት ሰጠኸው?»

ነገርኳቸው። የጻፍኩትንም ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ወደ አስፋልቱ መለሱ።

«እኔን ሲገርፉኝ አንድ ነገር ያጽናናኝ ነበር» አሉ። «ክፍሉን የያዘው ሰይድ ነው እል ነበር።»

«ጋሽ በላይነህ...»

«ለእኔ የነገርከኝ እንዲቀልህ ነው። አልቀልልህም። እናቱ በሕይወት አለች?»

«አለች።»

«እንግዲያው ምን ትሠራለህ እዚህ?»

ከዚያ ቀን በኋላ ሰላምታዬን ይቀበሉ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን አላወሩኝም። በሦስተኛው ዓመት ሞቱ። ቀብራቸው ላይ ከመምህራን የተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

እኔ ወደ ደሴ ለመውጣት ሌላ አራት ዓመት ፈጀብኝ። አንድ ሁለት ጊዜ አውቶቡስ ተሳፍሬ መንገድ ላይ፣ ሐረጎ ወርጄ ተመልሻለሁ። በመጨረሻ የሄድኩት የደርግ ዘመን ሊያበቃ ሲል ነው፤ ጦርነቱ ቀርቦ መንገዱ በወታደር መኪና ተጨናንቆ ነበር። ከአሁን ወዲያ መንገዱ ይዘጋ ይሆናል ብዬ ነው የተነሣሁት።

እትዬ ሩቅያ ያቺው ቤት ናት። አርጅታለች። አየችኝና ማን ነህ አላለችኝም። «ግባ መምህር» አለች። መደብ ላይ ተቀመጥኩ። ከኮምቦልቻ ጀምሬ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋብኝ።

«እትዬ ሩቅያ፣ ያኔ ትምህርት ቤት ሲመጡ ያነበብኩልዎ... ቀዩ...»

«ጥሩ ነው አይልም ነበር» አለች።

ቀና አልኩ።

«አውቅ ነበር። ከማሌ ሰኞ ዕለት መጥቶ አንብቦልኛል፤ የሱንም፣ ያንተንም። ‹እማ፣ መምህሩም እንዲህ ካሉ እውነትም ፈሪ ነኝ ማለት ነው› አለኝ። ወላሂ፣ እንዲህ ብሎ ነው ያለኝ። ተው ልጄ፣ አንተ ፈሪ አይደለህም አልኩት። እኔ እናቱ ነኝ፣ ያልተማርኩ ነኝ። ያንተን ቃል አመነ።»

«ታዲያ ለምን አስነበቡኝ?»

«ወንድ ልጅ ነው፣ እውነቱን ይነግረኝ እንደሆን ብዬ። ተሳስቻለሁ ብትለኝ ኖሮ፣ ያኔ አፉ ብዬ ይቅር እልህ ነበር። ለዚያ ነው በእግሬ የመጣሁት። አንተ ግን ፊደል አለማወቄን አየህ።»

መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ሌላ ምን እንደሚደረግ አላውቅም ነበር። «አፉ ይበሉኝ። ፈርቼ ነው። ካድሬውን ፈርቼ ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። «ተነሥ፣ ተቀመጥ። አንተ ፈርተሃል። እኔም ፈርቼ የባሌን ሬሳ አላነሣሁም። ጎረቤቱ ፈርቶ ለቅሶ አልደረሰኝም። ሁላችንም ፈርተናል። በጽሑፍ ፈሪ የተባለው ግን የኔ ከማል ብቻ ነው።»

አፉ አላለችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኋትም። ደጅ ድረስ ሸኘችኝና፣ በሩን ከመዝጋቷ በፊት፣ «ሂድ በል፣ መኪናው ሳያመልጥህ» አለችኝ።